ጦስኝን በመስክ መለየት፣ ሳይነቅሉ መቁረጥና በግቢ ማብቀል

«ከጣርማበር ስመለስ ጦስኝ ከነሥሩ ነቅዬ አመጣሁ። ጥሩ አፈርና ፍግ አድርጌ ተከልኩት። በየቀኑ ውኃ አጠጣዋለሁ። በሦስት ሳምንቱ ደረቀብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አላውቅም። ሌላው ደግሞ በስልክ የሚላክልኝ ፎቶ ነው። አንዲት ትንሽ ቅጠል መዳፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ «ይሄ ጦስኝ ነው?» ይላል። በአንድ ቅጠል ፎቶ ብቻ ነው ወይም አይደለም ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እኔ መስክ ላይ ምን ምን እንደማይ፣ እንዴት እንደምቆርጥና ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንዳበቀልኩት በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ተክሉ ትንሽ። ጦስኝ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በዱር የሚበቅል፣ ለብዙ ዓመት የሚኖር ትንሽ ተክል ነው። የናና፣ የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል። ታይመስ ሰሩላተስ የሚባል የቅርብ ዘመድም አለው፤ ሕዝቡ እሱንም ጦስኝ ነው የሚለው።

«ለብዙ ዓመት የሚኖር» የሚለውን ያዙልኝ። አደይ አበባ በክረምት በቅላ፣ በመስከረም አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። ጦስኝ እንደዚያ አይደለም። መሬት ላይ የተጣበቀ እንጨታማ መሠረት አለው። የላዩ ለስላሳ ቀንበጥ ቢቆረጥ፣ በግ ቢግጠው፣ ውርጭ ቢመታው ከዚያ መሠረት እንደገና ያቆጠቁጣል። መሠረቱ ከተነቀለ ግን አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመስክ፦
- ስለታም መቀስ። ደነዝ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ ተክሉንም ይጎትተዋል።
- ማጉያ መነጽር። ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ አንሡና ፎቶውን አስፉት።
- ትንሽ ማስመሪያ።
- ከፍታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ።
- ርጥብ የጥጥ ጨርቅና የወረቀት ከረጢት።

ለመትከል፦
- ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማሰሮ፣ ወይም ተቆርጦ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካን።
- የወንዝ አሸዋ።
- ተራ የግቢ አፈር።
- ጠጠር፣ ወይም ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ ቀላል ድንጋይ።
- ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል።

ፍግ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም፤ ምክንያቱን ተራ ቁጥር 10 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

በሰሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ማየትና ፎቶ ማንሣት ብቻ ነው። ምንም አትቁረጡ። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ የሚጠብቀው ቦታ ነው። እዚያም ሳትጠይቁ እጃችሁን አትዘርጉ። የሰው ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። በጨዋ ሰላምታ የጠየቀን ሰው ደጋ ላይ የሚከለክል ብዙም አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም የተሻለውን ቦታ ያሳያችኋል።

መለየት

1. አበባ ባለበት ጊዜ ውጡ።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መሬቱ ገና ርጥበት ሳይለቀው ብትሄዱ ይሻላል። ተክሉ ለምልሞ ይጠብቃችኋል፤ አበባም ታገኛላችሁ። ያለ አበባ መለየት ይቻላል፤ ግን ለለመደ ዓይን ነው። በበጋ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ያኔ ከሌሎች ትናንሽ የደጋ ቅጠሎች ጋር በቀላሉ ይምታታል።

2. ከተክሉ በፊት ቦታውን እዩ።

ስልካችሁን አውጡና ከፍታውን አንብቡ። ጦስኝ በዱር የሚገኘው በግምት ከ2200 እስከ 4000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከዚያ በታች፣ ሞቃት ቆላ ላይ ከሆናችሁና «ጦስኝ አገኘሁ» ካላችሁ እንደገና ተመልከቱ።

በሰሜን ሸዋ ጣርማበርና መንዝ፣ በባሌ ዲንሾ አካባቢ በደንብ ይታወቃል። የመንዝ ጓሳ ከ3200 ሜትር ይጀምርና እስከ 3700 ይደርሳል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጦስኙ ግን ምንም አይመስለውም።

ከፍታው ከተመቸ ቀጥሎ የምታዩት መሬቱን ነው። ገላጣ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ውኃ የማይቋጥር ቦታ ፈልጉ። ጭንጫ መሬት፣ የቋጥኝ ሥር፣ የተቆረጠ የመንገድ ዳር ግድግዳ፣ ሣሩ አጭር የሆነ ተዳፋት። ረግረግ ውስጥ አትፈልጉት። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥም በከንቱ አትድከሙ። ውኃ ይዞ የሚከርም ዋልካ ላይም አይመቸውም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ፍለጋው ያጥራል። ሁለተኛ፣ ቤት ስትተክሉት ምን እንደሚወድ የሚነግራችሁ ይኸው መሬት ነው። ተቀመጡና አፈሩን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉት። ስስ ነው። ጠጠር አለበት። ዝናብ ከዘነበ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ላዩ ይደርቃል። ሥሩ ውኃ ከሚፈልገው ይልቅ አየር ይፈልጋል። ይህን በዓይናችሁ ካያችሁ ማሰሮ ውስጥ ፍግ ለመሙላት እጃችሁ አይታዘዝላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ረጅሙ የጓሳ ሣር በተጠቀጠቀበት መሃል ጦስኝ ብዙ አታገኙም፤ ሣሩ ያጠላበታል። የእግር መንገድ ዳርና ድንጋይ የወጣበትን ክፍተት ተከተሉ። አንዳንዴ ሳታዩት ትረግጡትና ሽታው ከእግራችሁ ሥር ይነሣል።

3. ጎንበስ ብላችሁ አቋሙን ተመልከቱ።

ጦስኝ ቆሞ የሚታይ ተክል አይደለም። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 40 ሴንቲሜትር ነው። ነፋስ በሚበዛበት ከፍታ ላይ እንደ ምንጣፍ መሬት ይለብሳል። ከለላ ባለበት ቀና ይላል። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ቁመት ስታዩ «ሁለት ዓይነት ተክል ነው» ለማለት አትቸኩሉ።

አሁን በጣቶቻችሁ ቅጠሉን ግራና ቀኝ ከፈል አድርጉና ውስጡን እዩ። ከሥር ቡናማ፣ ጠንካራ፣ እንደ ቀጭን እንጨት የሆነ ግንድ ይታያችኋል። ከሱ ላይ አረንጓዴ ለስላሳ ቀንበጦች ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዱን መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ቀስ ብላችሁ ብታነሡት አፈር በነካበት አንጓ ላይ ክር የመሰለ ሥር አብቅሎ ታገኙት ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ጦስኝን ለማባዛት ዘር መፈለግ እንደሌለበት ወዲያው ይገባዋል። ግንዱን ወደ ቦታው መልሱት።

4. ግንዱን በሁለት ጣት አንከባልሉት።

አረንጓዴውን ቀንበጥ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዛችሁ አዙሩት። አራት ማዕዘን እንዳለው ይሰማችኋል። የነናና ቤተሰብ ምልክት ይህ ነው። አሮጌውን እንጨታማ ክፍል አትፈትኑት፤ ሲያረጅ ማዕዘኑ ይጠፋል።

ማዕዘን መኖሩ ብቻውን ጦስኝ ነው አያሰኝም። ሌሎችም አላቸው። ለስላሳው ቀንበጥ ድብልብል ከሆነ ግን ጦስኝ አይደለም ማለት ነው፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

5. ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ያዙት።

ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ቀጣዩ ጥንድ ከበታቹ ካለው ጋር ይሻገራል። ቀንበጡን ከአናቱ ወደ ታች ብታዩት መስቀል ይሠራል።

መጠኑን ለኩት። አንድ ቅጠል አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ያነሰም ትንሽ የበለጠም አለ። የአውራ ጣት ጥፍራችሁን የሚሸፍን ቅጠል ከሆነ ሌላ ነገር ይዛችኋል።

ከዚያ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡት። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ስታሹት የሚፈነዱት እነሱ ናቸው።

የቅጠሉን ጠርዝም በማጉያ እዩ። ለስላሳ ከሆነ ሺምፔሪ ነው። እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ ካለው ሰሩላተስ ነው። ጥርሰኛው በሰሜኑ ደጋ የሚገኝ ነው፤ ሺምፔሪ ደግሞ ከሰሜን ጀምሮ እስከ ባሌ ድረስ ይዘልቃል። ለሻይና ለቅመም ለሚፈልገው ሰው ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም። ተክል ለሚመዘግብ ግን መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

6. አበባውን ፈትሹ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

እኔን አሳስቶኝ የማያውቀው ምልክት ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

አበባው ትንሽ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። ቀለሙ ከሮዝ እስከ ወይን ጠጅ ይሄዳል። አብዛኞቹ አበቦች የቀንበጡ ጫፍ ላይ ተሰብስበው እንደ ትንሽ ጉንጉን ይታያሉ። አበቦቹ በየቅጠሉ ብብት ተበታትነው ግንዱን ከታች እስከ ላይ ከያዙት ተጠራጠሩ፤ የዚሁ ቤተሰብ ሌላ አባል ሊሆን ይችላል።

አንዱን አበባ በማጉያ እዩ። ሁለት ከንፈር አለው። የላይኛው ጫፉ ላይ በትንሹ የተሰነጠቀ ነው። የታችኛው በሦስት ይከፈላል። ንብ ስታርፍ የምትቆምበት እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ አበባውን ከሥሩ ያቀፈችውን ትንሽ ጽዋ ተመልከቱ። እሷም ሁለት ከንፈር አላት። ላይኛው ሦስት አጫጭር ጥርስ አለው። ታችኛው ሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን ጥርስ፣ ዳር ዳሩ ፀጉር ያለው።

አሁን አበባው የረገፈበትን ጽዋ ፈልጉ። አፉን ስታዩ ነጫጭ ፀጉር እንደ ክዳን ዘግቶት ታገኛላችሁ። በጥፍራችሁ ብትከፍቱት ውስጡ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጡ ፍሬዎች አሉ፤ ሲሟሉ አራት ናቸው። ሁሌ አራቱ ላይሞሉ ይችላሉ፤ አትደንግጡ። ጽዋው ባለ ሁለት ከንፈር፣ አፉ በፀጉር የተዘጋ፣ ቅጠሉ ትንሽና ነጠብጣባም ከሆነ ጦስኝ አግኝታችኋል።

7. ሽታውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ብዙ ሰው በሽታ ይጀምራል። ችግሩ ደጋው ላይ ጥሩ የሚሸት ቅጠል ብዙ መሆኑ ነው። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይላመዳል። ሦስት ቅጠል ካሸታችሁ በኋላ አራተኛው ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላችኋል።

በዓይን ካረጋገጣችሁ በኋላ አንድ ቅጠል እሹና አሽቱ። የጦስኝ ሽታ የሚያሞቅ፣ ጉሮሮ የሚከፍት ነው። ዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከቦታ ቦታ መጠናቸው ይለያያል። የባሌውና የመንዙ ሽታ አንድ ካልሆነባችሁ አፍንጫችሁ አልተሳሳተም።

ሳታረጋግጡ ምንም ቅጠል አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

መቁረጥ

8. ከእንጨቱ በላይ ቁረጡ።

ከአንድ ተክል ከሲሶ በላይ አትውሰዱ። መቀሱን አረንጓዴው ቀንበጥ ላይ አሳርፉ። ከእንጨታማው ክፍል በላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ይቅር። ምክንያቱም አዲስ ቀንበጥ የሚወጣው ከነዚያ ቅጠሎች ብብት ነው። ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከወረዳችሁ ብዙ ጊዜ ያ ቅርንጫፍ አያገግምም።

በእጅ አትጎትቱ። ጭንጫ መሬት ላይ ሥሩ ጥልቅ መያዣ የለውም፤ ተክሉ ሙሉ በሙሉ ይነቀላል። መንዝ ውስጥ አንዲት እናት ስቆርጥ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። አንዱን በእጄ ስስብ «ተው ልጄ፣ አናቱን ብቻ። የከርሞን ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

ከአንድ ቦታ ሁሉንም አትልቀሙ። አራት አምስት ተክል ዘለል እያላችሁ ውሰዱ። አበባ ላይ ያለውን ግማሹን ተዉት። ዘሩ የሚወድቀው ከሱ ነው፤ ንቡም የሚቀስመው እሱን ነው።

ከዋና መንገድ ዳር የበቀለውን ለሻይ አትቁረጡ። አቧራና የመኪና ጭስ ጠጥቷል። ለመለየት መለማመጃ ግን ጥሩ ነው።

9. አፍናችሁ አታጓጉዙ።

ለመትከል የምትፈልጉትን ቀንበጥ ርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልሉት። ለማድረቅ የምትፈልጉትን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉ። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መኪና ውስጥ ከተዋችሁት በሁለት ሰዓት ይቀቀላል። አዲስ አበባ ስትደርሱ የምታገኙት ጥቁር ቅጠል ነው።

ለመትከል የሚሆነው አበባ የሌለው ቀንበጥ ነው። አበባ የያዘው ጉልበቱን ለዘር ስለሚያውል ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይሁን። አሥር ያህል ውሰዱ፤ ሁሉም አይይዙም።

በግቢ ማብቀል

አዲስ አበባ አብዛኛው ክፍሏ ከ2200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከፍታው ችግር አይሆንባችሁም። ጦስኝ ከተማ ውስጥ የሚሞተው በእንክብካቤ ብዛት ነው።

10. ድሃ አፈር አዘጋጁ።

ማሰሮው ሥር ሁለት ጣት ያህል ጠጠር ወይም ሬድ አሽ አንጥፉ። ከዚያ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ ተራ አፈር ቀላቅላችሁ ሙሉት። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ሁለት እጅ አድርጉት።

ፍግ አትጨምሩ። ፍግ ውኃ ይይዛል፤ ተክሉንም በፍጥነት ያሳድገዋል። ቶሎ ያደገ ጦስኝ ግንዱ ይልፈሰፈሳል፤ ሽታውም ይደክማል።

ድብልቁን ፈትኑት። ማሰሮው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሱ። ወዲያው ሰምጦ ከሥር መንጠባጠብ ከጀመረ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ከተኛ አሸዋ ጨምሩ።

11. ቀንበጡን ትከሉ።

ከቀንበጡ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። ቅጠሉ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል፤ ብስባሱ ደግሞ ወደ ግንዱ ይሄዳል። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር በስለታም መቀስ ቁረጡ፤ ሥር ቶሎ የሚወጣው አንጓው አካባቢ ነው። አፈሩን በእንጨት ብሱና ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አስገቡት። ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉ።

አንድ ጊዜ አጠጡት። ከላይ ፌስታሉን በእንጨት ደግፋችሁ እንደ ድንኳን ልቀቁበት፤ ሥር እስኪያወጣ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ርጥበቱን ይይዝለታል። ግን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ግለጡት። አየር ካላገኘ ሻጋታ ይይዘዋል። በነዚህ ሳምንታት ቀጥተኛ ፀሐይ አይንካው፤ ብርሃን ያለው ጥላ ይበቃል።

ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ታገሡ። በየቀኑ እየነቀላችሁ ሥር አወጣ ወይ ብላችሁ አትዩ። አዲስ ቅጠል ከጫፉ ከወጣና ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ከተቋቋማችሁ ይዟል ማለት ነው።

ከዚህ የሚቀል መንገድም አለ። ጦስኝ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከማሰሮው የተንጠለጠለውን ግንድ ጎንበስ አድርጋችሁ አጠገቡ ያለ ሌላ ማሰሮ አፈር ላይ አስተኙት። አንጓው ላይ ትንሽ አፈር አልብሱና ድንጋይ ጫኑበት። ከእናቱ ሳይለይ ሥር ያወጣል። በሁለት ወር አካባቢ ቆርጣችሁ ለዩት። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፤ እስካሁን አልከሸፈብኝም።

12. ውኃ አጠጡ፤ ከዚያ ተዉት።

ከያዘ በኋላ ፌስታሉን አንሡ። በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ አውጡት። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ።

ውኃ መቼ? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ርጥበት ከተሰማችሁ ሂዱ፣ ነገ ኑ። ስታጠጡ ከሥር እስኪወጣ አጠጡ። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ አርጥቦ ሥሩ ወደ ታች እንዳይሄድ ያደርገዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ማሰሮውን ዝናብ በማያገኘው የጣሪያ ክፈፍ ሥር አስገቡ። መስክ ላይ ክረምቱን የሚችለው ተዳፋት ላይ ስላለ ነው፤ ውኃው ይወርድለታል። ማሰሮ ውስጥ መሄጃ የለውም።

አንድ ጊዜ ጎረቤቴ «ውኃ ጠማው መሰለኝ፣ ጠወለገ» ብላ ጠራችኝ። ማሰሮውን ገልብጠን አየነው። ሥሩ ጥቁር ሆኖ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይላላጥ ነበር፤ ሽታውም የረግረግ ነው። ውኃ ጠምቶት ሳይሆን ውኃ ውስጥ ሰምጦ ነው የጠወለገው። ከላይ ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ሲጠወልግ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ውኃ።

13. ጫፉን ቁረጡ።

አሥር ሴንቲሜትር ሲሞላው ጫፍ ጫፉን ቀንጥሱት። ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣና ይሰፋል። ካልተነካ ግንዱ ይረዝማል፣ መሃሉ ይራቆታል። የመጀመሪያውን ዓመት ለሻይ ብዙ አትውሰዱ፤ መሠረቱ ይጠንክር።

ማድረቅ

ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ዘይቱ ተንኖ ይሄዳል፤ የምትጠጡት ሣር ይሆናል። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ቅጠሉን አራግፉና በደንብ የሚዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ሳይደርቅ ከታሸገ ይሻግታል።

ለሻይ አንድ ቁንጥር ይበቃል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የሐኪም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አዘውትራችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። በጠርሙስ የሚሸጠውን የጦስኝ ዘይት ደግሞ እንደ ሻይ አትቁጠሩት። ኃይሉ በጣም ጠንካራ ነው፤ ባዶውን አይጠጣም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ከኮሰረት ጋር ማምታታት። ሁለቱም ደርቀው ገበያ ላይ ሲታዩ ነው። የኮሰረት ቅጠል በጣም ይተልቃል፣ ሸካራም ነው። የተፈጨውን ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ከነግንዱ የደረቀውን ግዙ። ግንዱ ላይ ሲደርቅም አራት ማዕዘኑና ጽዋዎቹ ይታያሉ።

በመስክ ከነሥሩ ነቅሎ ማምጣት። ሰው «ሥር ካለው ቶሎ ይይዛል» ይላል። አሮጌ ተክል ሲነቀል ቀጫጭኑ ውኃ የሚስበው ሥር መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። የያዛችሁት ወፍራሙን ብቻ ነው። ቅጠሉ ብዙ፣ ሥሩ ትንሽ፤ ስለዚህ ይደርቃል። ትንሹ ቀንበጥ የተሻለ ዕድል አለው። መስኩም አይራቆትም።

ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ። በመስኮት የሚገባው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃውም። ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ይንጠራራል።

ዘር ዘርቶ አፈር ማልበስ። በዘር መጀመር የሚፈልግ ዘሩን አፈሩ ላይ በትኖ በእጁ ጫን ያድርገው፤ ከላይ ብዙ አፈር አያልብሰው። ዘሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከተቀበረ የመውጣት አቅም አይኖረውም።

ውጭ አገር ላላችሁ

ሱፐርማርኬት ታይም ተብሎ የሚሸጠው የሜዲትራኒያን አካባቢ ዘመዱ ነው፤ ታይመስ ቩልጋሪስ ይባላል። ጦስኝ አይደለም፤ ግን ቅርብ ነው። ከተራ ቁጥር 10 እስከ 13 ያለው ለሱም ይሠራል። ከአገር ቤት ሕይወት ያለው ተክል ወይም ዘር በሻንጣ ይዞ መሄድ ግን ያለ ፈቃድ በብዙ አገሮች ክልክል ነው። ከመጓዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ደንብ አጣሩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ግቢ ውስጥ ያለ ጦስኝ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ መሃሉ እንጨት ብቻ ይሆናል። አትጣሉት። ዳር ዳር ያሉትን ለስላሳ ግንዶች አስተኝታችሁ ድንጋይ ጫኑባቸው። እነሱ ሥር ሲያወጡ አሮጌውን መሃል አንሡት።